አንቀመጥም ያሉት የባቡሩ ዋሶች

እዚህ ፈረንጅ አገር የእኛን ሰው ለሠርግ ጥሩት፣ ይመጣል። ለለቅሶማ ሳይጠሩትም ይመጣል፤ ከታኮማ እስከ ኤቨረት ያለውን የመንገድ መጨናነቅ እየተራገመ፣ ምስር ወጡን በድስት ይዞ ከተፍ ይላል። ቤት ልቀይር ነው ብትሉት ፒክአፕ ተውሶ ይደርሳል። እስቲ «ዋስ ሁነኝ» በሉት! ያን ጊዜ የስልኩ ባትሪ ያልቃል፣ ሚስቱን ያማታል፣ «ወንድሜ፣ የኔን የብድር ክሬዲት ብታየው አንተው ታለቅስልኛለህ» ይላችኋል። አልፈርድበትም፤ እኔም ያው ነኝ። ዋስ መሆን እኮ በሌላ ሰው ነገ ላይ የራስን ስም ማስፈር ነው። እንኳን የሰውን፣ የራሴንም ነገ አላምነው።

አባባ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። አባባ ማለት አባቴ ናቸው፤ ወልቂጤ አካባቢ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ አሳልፈው፣ በስተርጅና እኔ ዘንድ ማውንትሌክ ቴራስ የመጡ። በዘመናቸው ዋስ ያልሆኑለት ሰው የለም። ሥራ የሚቀጠረውም፣ ሱቅ የሚከራየውም፣ ሚስቱ አኩርፋ የሄደችበትም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። «ሁለተኛ አይለምደውም፣ ዋሱ እኔ ነኝ» ይላሉ። ታዲያ አንዳንዱ ይለምደዋል። አባባ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ሰውየውን ይገስጻሉ፣ ወዲያው ደግሞ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ «እኚህ ሰውዬ መቃብር ቢገቡ እንኳ አጠገባቸው ለተኛው ዋስ ሳይሆኑ አያድሩም» ትል ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሬ ስለ አንድ ባቡር ነው። አይ፣ ስለ ልጄ ነው፤ ባቡሩ ሰበብ ነው።

ልጄ ሂክማ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ታኮማ ሳለን አፏ አያርፍም ነበር፤ መኪና ውስጥ ሬድዮ ከፍተን አናውቅም፣ ምን ያደርግልናል? ኋላ እናቷ ኤቨረት ሆስፒታል የነርስነት ሥራ አገኘችና ወደ ሰሜን ተዛወርን። ልጅቷ አዲሱ ትምህርት ቤት ገብታ አፏን ዘጋች። ቤት ታወራለች፤ ክፍል ውስጥ ግን ትንፍሽ አትልም። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። አንድ ቀን ቲቸሯ ኮል አደረገችና «ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ጽሑፏን ሳነብ ደስ ይለኛል፤ ድምጿን ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አገሬው «ዝም አይነቅዝም» ይላል። እንዴት አይነቅዝ! ተረቱን ያወጣው ሰው ልጅ አልነበረውም ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። ያቺ ለፍላፊ ልጄ ታኮማ የቀረች መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ራት ቀርበን ሳለ ሂክማ የነገውን ትምህርቷን አወራችልን። ክፍሉ በሙሉ ድርድር ሊጫወት ነው። ቲቸሯ አንድ የሌለ አገር ፈጥራለች፤ ወደብ አለው፣ ተራራ አለው፣ ተራራው ሥር መዳብ አለው። ባሕር ማዶ ያለ ቅኝ ገዥ መንግሥት ከመዳቡ እስከ ወደቡ ባቡር መዘርጋት ፈልጓል። ሶ፣ አንዱ ቡድን ኩባንያውን ይሆናል፣ አንዱ ባንኩን፣ አንዱ መንግሥቱን። ኩባንያው እኔ እሠራለሁ ይላል። ባንኩ ያለ ዋስ ሳንቲም አልሰጥም ይላል። ይኼኔ መንግሥት ደረቱን ነፍቶ ይነሣና «ባቡሩ ቢያተርፍም ባያተርፍም፣ ባለ አክሲዮኖቹ በየዓመቱ ትርፋቸውን እንደሚያገኙ ዋሱ እኔ ነኝ» ይላል። እሰየው! እንዲህ ያለ ጀግና ዋስ ከየት ይገኛል? ግን ባቡሩ ቢከስር ከየት ነው የሚከፍለው? ከዚያው አገር ቀረጥ። ከማን? ባቡር ሥሩልኝ ብሎ ካልጠየቀው ገበሬ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁሙልኝ። አባባ ዋስ ሲሆኑ የሚያስይዙት የራሳቸውን ሱቅ ነበር። እነዚህ ግን የጎረቤት በሬ አስይዘው ዋስ ይሆናሉ፤ በሬው ቢሄድ የእነሱ እርሻ አይጎድልም። መርካቶ ስንት ብልጥ አይቻለሁ፣ እዚህ የደረሰ ግን የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይኼ ነው።

አራተኛው ወገን የአገሩ ሕዝብ ነው። ዕጣ ሲወጣ እሱ ለሂክማ ደረሳት፤ ለብቻዋ። ቲቸሯ «የሚያግዝሽ ልጅ ልጨምርልሽ?» ብላት ነበር። የሚያግዝ ልጅ ከመጣ ደግሞ ልጁን ማናገር ሊኖር ነው፤ ሂክማ ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። አሁን እንጀራውን በጣቷ እየነካካች «ዳዲ፣ ነገ አሞኛል። ትምህርት ቤት ኮል ታደርግልኛለህ?» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ።

በእኛ ቤት አስተርጓሚው እኔ ነኝ። አባባ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ሂክማ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ መሀል ላይ የእኔ ወጥ ይቀዘቅዛል። ሶ፣ አሳጥራለሁ። ወጡ የሚቀዘቅዝበት ሰው ለምን እንደሚያሳጥር አይጠየቅም። አባባ «ምን አለች?» ሲሉኝ «ነገ ድርድር አለባት፤ ባቡር ሊሠሩ ነው፤ መንግሥት ዋስ ልሁን ብሏል» አልኳቸው። ዋስ የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ቆመ። «እሷ ከማን ጋር ናት?» አሉ። ብቻዋን ናት አልኩ። አባባ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። «ለድርድር፣ ብቻዋን? ፍየል ለመግዛት እንኳ ሰው ብቻውን አይሄድም!»

ሂክማ ከማዕዱ ስትነሣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ልጅቷ እዚያ ትምህርት ቤት አፏን እንደማትከፍት፣ ነገ ብትቀርም እንደሚሻል ነገርኳቸው። «ትናገራለች» አሉ። እንዴት አወቁ ብላቸው «ዋሷ እኔ ነኛ» አሉና ጉርሻቸውን አነሡ። እኔም በሆዴ፣ አይ አባባ፣ ይቺኛዋ ደግሞ ታስከፍልዎታለች አልኩ።

በማግሥቱ ሂክማ እንደ ፎከረችው አሞኛል አለች። ነርስ እናት ላላት ልጅ ይኼ ከንቱ ድካም ነው። እናቷ ሙቀቷን ለካች፣ ጉሮሮዋን አየች፣ ምሳዋን አስይዛ ላከቻት። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ የዚያን ቀን ተረኛ የነበርኩት ከሰዓት በኋላ ስለነበር አርፍጄ ተነሣሁ። ሳሎን ስገባ አባባ ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ጋሽ ታደሰ በክራቫት።

ጋሽ ታደሰ ጎረቤታችን ናቸው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ጾም የማያስቀሩ ኦርቶዶክስ። አባባ ደግሞ አምስቱንም ሶላት የማያሳልፉ ሙስሊም። ሁለቱ በየቀኑ ላይብረሪው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዛሬ ልጅ ሽማግሌ አይሰማም።

«የት ልትሄዱ ነው?» አልኳቸው። ጋሽ ታደሰ ክራቫታቸውን አስተካክለው «ድርድሩ ላይ ነዋ! አባትህ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም መሰለኝ፣ በጠዋት ነው የቀሰቀሱኝ» አሉኝ። እርግጥ ቲቸሯ ቤተሰብ መጥቶ ማየት ይችላል ብላለች። ማየት ሌላ፣ በካፖርትና በክራቫት መሸምገል ሌላ። ግን ለአባባ ይኼን ማን ይነግራቸዋል? ቁልፌን አነሣሁ።

መንገድ ላይ ጋሽ ታደሰ በመስኮት እያዩ «ይኼ አሁን ያለው ባቡር አልበቃ ብሎ ነው ሌላ የሚሠሩት? በእኛ ሠፈር በኩል ነው የሚያልፈው ወይስ በታች?» አሉ። የት አባቴ ልግባ! ያሳጠርኩት ትርጉም ከራት ገበታ ተነሥቶ፣ ክራቫት አስሮ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጧል። ቀይ መብራት ይዞኝ ስለነበር ዞር አልኩና «ጋሽ ታደሰ፣ ባቡር የለም። አገሩም የለም። የልጆች ጨዋታ ነው» አልኳቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እየወሰድኳቸው መሆኔን ተናዘዝኩ ማለት ነው። አሁን እንመለስ ይሉኛል ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ አባባ ከኋላ «ልጅቷስ አለች?» አሉ።

«አለች።»

«ብቻዋን ናት?»

«ብቻዋን ናት፣ አባባ።»

«እንግዲያው መብራቱ ለቋል፣ ንዳ።»

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ቢሮ ያለችው ሴትዮ የአባባን ከዘራ ገልመጥ አድርጋ፣ ስማቸው ያለበትን ወረቀት ለሁለቱም ደረታቸው ላይ ለጠፈችላቸው። ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን አጎንብሰው አዩትና «በስተርጅና ዋጋ ተለጠፈብኝ! የአባትህ ስንት ይላል፣ እየው እስቲ» አሉ። አባባም «ጋሽ ታደሰን የሚገዛ ካለ በጾም ወቅት ባይወስድ ይሻለዋል፣ ሥጋ የለባቸውም» ብለው መለሱላቸው። እኔ ልከተላቸው ስል ሴትየዋ «ሰር፣ መኪናውን ፓርክ ያደረጉት የአውቶቡስ ቦታ ላይ ነው» አለችኝ። ስንት ዘመን የአውቶቡስ ቦታ ላይ የሚቆም ሰው ስራገም የኖርኩ ሾፌር! ሽማግሌዎቹን እሷ ወሰደቻቸው፣ እኔ መኪናዬን ላነሣ ሮጥኩ።

ስመለስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። በመስታወቱ አየሁ፤ ጉድ ፈልቷል።

ልጆቹ ጠረጴዛ ገጥመው በአራት ወገን ተቀምጠዋል። ባንኩ የአባቱን ክራቫት ያሰረ ጠይም ልጅ ነው፣ መንግሥት የወረቀት ዘውድ የደፋች ልጅ ናት። ሂክማ ጥጉ ላይ፣ ለብቻዋ፣ አንገቷን ደፍታለች። አባባና ጋሽ ታደሰ መሀል ላይ ቆመዋል። ቲቸሯ ወንበር አቀረበችላቸው። አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበሩ ያነሳቸው መስሏት የራሷን ባለጎማ ወንበር እየገፋች አመጣች። ጋሽ ታደሰ ወንበሩን ወዲያና ወዲህ አሽከርክረው አዩት፣ «እግዜር ይስጥልን» አሉ፣ አልተቀመጡም። ውሃ አመጣች። ውሃውንም አልነኩም። ሁለቱም ፍንክች የለም።

እናንተማ ገብቷችኋል። የእኛ ሽማግሌ ለጉዳይ ሲመጣ ቁጭ በሉ ቢባል አይቀመጥም፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ነው ባህሉ። ልጅ ለመጠየቅ የሄደ ሽማግሌ ስንቱ ደጃፍ ላይ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ቆሟል! ቲቸሯ ግን በምን ታውቀዋለች? ፊቷ ቀላ። ምናልባት አስቀየምኳቸው ብላ ደነገጠች። «ነገሩ የገባው ሰው አለ?» ብላ ወደ ልጆቹ ዞረች። ልጆቹ ሁሉ ወደ ሂክማ ዞሩ።

ሂክማ ወደ በሩ ዞረች። አየችኝ። ዓይኗ «ዳዲ፣ ግባ» ይላል። አስተርጓሚው እኔ ነኛ፤ መያዣውን ጨበጥኩ። ይኼኔ አባባ በትከሻቸው በኩል አዩኝ፤ በዓይናቸው እዚያው ቁም አሉኝ። አባት ያሳደገው ሰው ይኼን ዓይን ያውቀዋል። መያዣውን ለቀቅኩ። ልጄ ስትጨነቅ እያየሁ በር ላይ መቆም እንዴት እንደሚያቃጥል ለወላጅ አልነግርም።

ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። «አይቀመጡም» ይላል። የሂክማ ድምፅ ነው።

«ለምን?» አለ ባንኩ።

ጉሮሮዋን ጠረገች። ሽማግሌዎች ለጉዳይ ሲመጡ ነገራቸው እስኪሰማ እንደሚቆሙ ነገረቻቸው። «ከተቀመጥክ ውሃ ይመጣልሃል፣ ከጠጣህ ምግብ ይመጣል። ከበላህ በኋላ ደግሞ ክፉ ነገር መናገር ታፍራለህ» አለች። ይኼን ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም። ለካ እኔ ሳሳጥር ልጅቷ ረጅሙንም ትሰማ ኖሯል። መንግሥት ዘውዷን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ «ሶ፣ የመጡበት ጉዳይ ምንድነው?» አለቻት።

ሂክማ ይኼን አልጠበቀችም። ወደ አያቷ ዞረች፤ እዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት፣ በአማርኛ «አባባ፣ ጉዳያችሁ ምንድነው?» አለች። አባባ ጎንበስ ብለው «ጉዳያችንማ አንቺ ነሽ፣ የኔ እናት። ምን እንበልልሽ?» አሏት።

እዚህ ላይ እንባዬ መጣ። መጣ ነው የምላችሁ፣ ምን አሳፍሮኝ እደብቀዋለሁ?

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ተነሥታ ቆመች። ሽማግሌዎቼ የሚጠይቁት አለ፣ አለች፤ ባቡሩ ከከሰረ ለባለ አክሲዮኖቹ የሚከፍለው ማነው? መንግሥት «ዋሱ እኔ ነኝ» አለች በኩራት። «ከየትኛው ገንዘብ?» አለች ሂክማ። መንግሥት ወረቀቷን አየች፤ ድምጿ ቀነስ አለ፤ «ከአገሩ ቀረጥ» አለች። «እንግዲያው ዋሱ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ። ዋስ ሁኚ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ደግሞ የለም።» ባንኩ ሊያግባባት ሞከረ፤ ባቡሩ ሲመጣ ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም ይመጣል ምናምን አለ። እሷም እሺ፣ ይምጣ፣ ግን ዋስትናውን ኩባንያው ከራሱ ኪስ ያስይዝ፣ መዳቡ የሚወጣው ከእኔ ተራራ አይደል፣ አለች። ኩባንያው እምቢ አለ። «ኦኬ» አለች ልጄ፣ «የእኔ ወገን አይቀመጥም።»

ታኮማ የቀረችው ልጄ ተመለሰች። ያውም ሕዝብ ሆና!

ከዚያ ወዲያ ጩኸት ሆነ። አንዷ የኩባንያ ልጅ ወንበሯን ገፍታ ተነሣችና ወደ ሂክማ ጠረጴዛ ተሻገረች። ሌላም ተከተላት። ባንኩ ክራቫቱን ፈታ። ቲቸሯ ጥግ ይዛ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ልታስቆማቸው አልፈለገችም። ሳይፈራረሙ ደወል ተደወለ። ባቡሩ ሳይሠራ ቀረ። ጋሽ ታደሰ ይኼኔ ግራ ቀኙን አዩና «ተሰምቷል አይደል? እንግዲህ እንቀመጥ» አሉ። ልጆቹ በሙሉ ሲወጡ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጡ። ሂክማ ውሃውን አመጣችላቸው። አሁን ጠጡ። ያቺ ከኩባንያው የከዳችው ልጅ በር ላይ ቆማ «ሂክማ፣ ምሳ አትመጪም?» አለቻት። ሂክማ አያቷን ግንባራቸው ላይ ስማ ሮጠች። እኔን በሩ ላይ ገፍታኝ አለፈች፤ ከገፉኝ ሰዎች ሁሉ እንደሷ ደስ ያሰኘኝ የለም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቲቸሯ እንደገና ኮል አደረገች። ድምጿ ትንሽ ደክሟል። ሂክማ በሒሳብም ታወራለች፣ በንባብም ታወራለች፣ ዝምታ በተባለበት ሰዓትም ታወራለች። ይኼስ ይሁን። ችግሩ ቲቸሯ የቤት ሥራ ስታበዛ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ይቆማል፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል። ባንኩ ሳይቀር። ለመሆኑ እነዚያ የተከበሩ አያቷ ሌላ ቀን መጥተው፣ ሂክማ ትንሽ ዝም እንድትል ቃል ሊያስገቡልን ይችላሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ስልኩን ይዤ አባባ ዘንድ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ምንም አላሳጠርኩም፤ አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው። አባባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ጫማቸውን ሊያደርጉ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«እንድትናገር ዋስ ሆኛለሁ፣ ዋስትናዬንም ተወጥቻለሁ» አሉ። «ዝም እንድትል ግን ሌላ ዋስ ይፈልጉ።»